በአሮጌው ቤት ደጅ የዘረጋሁት ሸራ

ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ ደሴ፣ አሰብ፣ ሁደይዳ። አሁን ዓደን፣ በሳቲን በሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። ቤት መቀመጥ ስለማይሆንልኝ አንዳንድ ቀን በደባብ፣ በዚያች በትንሿ አውቶቡስ፣ ክሬተር ወደሚባለው አሮጌ ሰፈር እወርዳለሁ። እዚያ ሙዚየም ያደረጉት የድሮ ነጋዴ ቤት አለ። ደሞዝ የለውም። እጠርጋለሁ፣ እወለውላለሁ፣ ሰው ሲመጣ ክፍሎቹን አሳያለሁ።

ችግሩ ሰው አይመጣም። የቤቱ ባለቤት፣ እዚያው ሰፈር የምትኖር ሐጃ፣ “ባዶ ቤት ከማስጠብቅ የሩዝ መጋዘን ይሁን” ብላ ቆረጠች። ቤቱን የሚከራየው የሩዝ ነጋዴ በማግስቱ ቁልፍ ሊረከብ ነው። ቤቱን የምትጠብቀው ልጅ ሆድ ባሳት።

“በይ ተነሽ ልጄ፣ ቢሄድም ታጥቦ ይሂድ” አልኳት።

ፍራሹን፣ መከዳውን፣ ነጫጭ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ደጅ አወጣን። መዝረክረክ ስለማልወድ ወንበሮቹን በረድፍ ደረደርኩ። ፀሐዩ የመከዳውን የድሮ ከፈይ እንዳይበላው ደግሞ ከላዩ ሸራ ወጠርኩ።

ወለሉን ስናጥብ የሰው ድምፅ ሰማን። ብወጣ ወንበሩ ሞልቷል። ወንዶቹ በሹክሹክታ ያወራሉ፤ ሴቶቹ ጥቁር ዐባያቸውን ለብሰው ወደ ውስጥ ይገባሉ። አንዷ እጄን ያዘችኝ።

“አላህ ይርሐማት። መቼ ዐረፈች?”

“ማን?”

“ሐጃ ናታ!”

ያኔ ገባኝ። እዚህ አገር ደጅ ላይ ሸራና የተደረደረ ወንበር ከታየ ለቅሶ ነው፤ ያየ ሁሉ መጥቶ ይቀመጣል። “ኧረ ደህና ናት!” ብል ማን ይስማኝ? “ምስኪን፣ ደንግጣለች” አሉኝ። ሴቶቹ ከገቡ ወዲያማ ክፍል ለክፍል እየዞሩ፣ “የእናቴም ሳጥን እንዲህ ነበር” ይባባላሉ።

በዚህ መሀል ሐጃ ራሷ በምርኩዝ ከች አለች።

“በቤቴ ማን ሞተ?”

አንዲት አሮጊት፣ “አንቺ ነሽ፣ ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ። ትንሽ ቸኮልን መሰለኝ” አለቻት።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሐጃ ብቻ አልሳቀችም።

“በቁሜ ያልረገጣችሁትን ቤት ስሞት መጣችሁበት?”

“ሙዚየም ስትሉ ጊዜ የባለሥልጣን መግቢያ መሰለን። ክፍት መሆኑን ማን ነገረን?” አለች አሮጊቷ።

ሐጃ አንድ በአንድ አየቻቸው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ “ለሬሳ ሻይ አይሰጥም?” አለችኝ። አፈላሁላቸው።

ሲመሽ ሰው ሄደ፤ ጠባቂዋ ሸራውን ልታወርድ ተነሣች። ሐጃ በምርኩዟ ከለከለቻት።

“ተዪው። ነገ ነጋዴው ሲመጣ ለቅሶ ላይ ነን በሉት። ለቅሶ ቤት ንግድ አይወራም።”