ሳትበላ የተመለሰባት ኪሎ

በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነበርኩ። ቤቴ ግን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር ነበር። ሰኞ በማለዳ በአውቶቡስ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እመለሳለሁ። በመሀል ያሉትን ቀናት ባለቤቴ ብቻዋን ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋን በረንዳ ላይ አውጥታ የሰፈሩን ቀሚስና የተማሪ ልብስ ትሰፋለች። ወፍራም ነበረች። ሳገባትም እንደዚያው ነበረች፣ የወደድኳትም እንደዚያው ሆና ነው።

የመጀመሪያ እርግዝናዋ ሰባት ወር ሲሞላው ደም ብዛት ተነሳባትና ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞተ። እሷም ለጥቂት ተረፈች። ያከማት ሐኪም ከሆስፒታል ስትወጣ ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ «ሌላ ከማርገዝሽ በፊት ውፍረቱን ቀንሺ። ደም ብዛቱም አብሮ ይወርዳል» አላት። እሷ አቀርቅራ ሰማችው። እኔ ግን ተስፋ ያዝኩ። እንዲህ ያለው ነገር በእጃችን ያለ መሰለኝ፤ ሚዛኑም እኔ የምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ያን ሳምንት ስመዝናት ሰማንያ አምስት ኪሎ ነበረች።

ቅቤውንም ስኳሩንም ተወች። እንጀራዋን ግማሽ አደረገች፤ እሱንም በጎመን ወይ በስስ ሽሮ። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን፣ ሰግዳ በጦሳ ተራራ ግርጌ አንድ ሰዓት ያህል ትራመዳለች። የሰፈሩ ሴቶች ቆመው ሲያዩዋት ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ታልፋለች። በወር አንድ ቀን ኮምቦልቻ ትወርድና እመዝናታለሁ። ዓመት ካለፈ በኋላ ስልሳ ስምንት ደረሰች። ደም ግፊቷን ለካሁ፤ ወርዷል። «አልሃምዱሊላህ» አለችና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗ እንባ ሞላ።

ቀሚሶቿን ሁሉ በጎን በጎናቸው አጠበበች። «ትርፉን ጨርቅ ቁረጪው፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት። ሳቅ ብላ ቆረጠችው። ሐኪሙ ግን ኪሎዋ ስድስት ወር እዚያው ላይ ይርጋ፣ ከዚያ ሞክሩ አለን። እኛም መጠበቅ ጀመርን።

በሦስተኛው ወር ሰባ ሆነች። በአራተኛው ሰባ ሁለት።

«ምን ጨመርሽ?» አልኳት።

«ምንም። ያንኑ ነው የምበላው።»

በዚያ ሰሞን ሌላም ነገር አይባት ነበር። ድሮ ብርድ የማታውቅ ሴት ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጋቢ ትደርባለች። እጇን ስጨብጣት ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን የልቧን ምት ቆጠርኩ፤ ቀርፋፋ ነበር። መቁጠሩን ቆጠርኩት እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩም። አንድ ቅዳሜ ምሳ አቅርባልኝ ከፊቴ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችኝ። «ድሮ ስበላ እጠግብ ነበር። አሁን በልቼ ስነሳም ይርበኛል። መርፌ ይዤም ሐሳቤ ምግብ ነው፣ በሕልሜም የማየው ምግብ ነው። ግን አልበላሁም። ስከሳበት በነበረው ግማሽ እንጀራ አሁን እወፍርበታለሁ። ሰውነቴ የድሮውን መልክ የሚፈልግ ይመስለኛል። የሰጠሁትን ሁሉ ይቋጥርብኛል።»

«እንዲህ ያለ ነገር የለም» አልኳት። «በአፍ ያልገባ ነገር ኪሎ አይሆንም።»

«ወላሂ አልበላሁም።»

ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አድርጌ ተነሳሁ። የተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ልብስ ሰፊ ናት። እንደዚያ ነበር የማስበው።

ያ ዓመት ድርቁ የጸናበት ነው። ከየገጠሩ የወጣው ሰው ኮምቦልቻ ዳር ሲሰፍር እኛንም ወደዚያ መደቡን። ቀኑን ሙሉ ሕፃናትን በጨርቅ ከረጢት እያንጠለጠልኩ ስመዝን እውላለሁ። አንዳንዱን ከሚዛኑ ሳወርደው እናቱ ስንት ሆነ ብላ አትጠይቀኝም፤ መልሱን ታውቀዋለች። እንዲህ ሰንብቼ ቅዳሜ ቤቴ ስገባ ባለቤቴ የሰማያዊ ቀሚሷን ጎን ከፍታ ቡናማ ጨርቅ ቀጥላበት አገኘኋት። የራሱ ጨርቅ ተቆርጦ አልቋላ።

«አታፍሪም?» አልኳት። «ሕዝብ እንዲህ እየተራበ?»

መርፌዋን አንስታ መስፋቷን ቀጠለች። በቀበሌ ስብሰባ ላይም ሴቶቹ እንደሚንሾካሾኩባት ኋላ ነው የሰማሁት። እሷ ግን አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ከዚያ ያደረግኩት የባሰ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ። «እኔ በሌለሁ ጊዜ ምን እንደምትበላ እስቲ ይዩልኝ» አልኳቸው። ሰው ጎረቤቱን በሚፈራበት ዘመን በገዛ ሚስቴ ላይ ጠባቂ አቆምኩ። በሁለተኛው ሳምንት ከአውቶቡስ ወርጄ ስመጣ ባልቴቷ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አላህን ፍራ» አሉኝ። «ይቺ ልጅ ጠዋት ሻይ፣ ቀን ግማሽ እንጀራ፣ ሌላ የምትቀምሰው የለም። ሐሙስ ዕለት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ውሃ አጠጥቼ አስተኛኋት። ጠብቂያት እንዳልከኝም ነገርኳት። ይህን ይዤ መሞት አልፈልግም።»

ስገባ ባለቤቴ ልብሷን በሻንጣ ከታ ጨርሳለች። አላለቀሰችም።

«አልበላሁም ብዬህ ነበር» አለችኝ። በማግስቱ ኩታበር፣ እናቷ ቤት ገባች።

አልተከተልኳትም። ከባልቴቷም ተደብቃ ትበላ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

ስምንት ወር ያህል ቆይቶ ለስልጠና ደሴ ሰበሰቡን። አስተማሪያችን አንድ ሽማግሌ ሐኪም ነበሩ። በእረፍት ሰዓት ለብቻቸው አግኝቼ፣ የአንዲት በሽተኛ ጉዳይ ነው ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብርዱን፣ የልቧን ምት፣ ረሃቡን።

«ምኑ ይገርማል?» አሉኝ። «ሰውነት የከሳኸው ሆን ብለህ ይሁን በድርቅ አያውቅም። እየተራብኩ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ማገዶውን ይቀንሳል፤ ሰውየው ይበርደዋል፣ ልቡ ይዘገያል። ረሃቡን ደግሞ ይጨምራል። ዕድሜዋን ሁሉ ስልሳ ስምንት ኪሎ የኖረችና ከሰማንያ አምስት ወርዳ ስልሳ ስምንት የደረሰች ሴት ሚዛን ላይ እኩል ናቸው፤ አንድ ዓይነት ምግብ ብትሰጣቸው ግን ሁለተኛዋ ትወፍራለች።»

«እስከ መቼ?»

«ምናልባት ለዓመታት። ከሰው ሁሉ አሳንሳ እየበላች ይሆናል የምትወፍረው። ደም ግፊቷስ? መራመዱን ካልተወች፣ ትንሽ ኪሎ ቢመለስባትም ግፊቱ እንደወረደ ሊቆይ ይችላል።»

አልለካሁትም ነበር። መጀመሪያ ወረደ ካልኩበት ቀን ወዲህ ኪሎዋን በየወሩ ስመዝን ግፊቷን አንድም ቀን አልለካሁትም።

ባገኘሁት የመጀመሪያ መኪና ኩታበር ሄድኩ። እናቷ አሰላሙ አለይኩም ስላቸው ድምፄን አውቀው በሩን ገርበብ አድርገው አዩኝ፤ ኋላ ግን አስገቡኝ። ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ትሰፋለች። ከበፊቱ ሞላ ብላለች፣ ፊቷም ወዛም ሆኗል። የያዝኩትን ግፊት መለኪያ ስታይ ሳልጠይቃት እጅጌዋን ሰበሰበች። ለካሁት። ሁለተኛ ለካሁት።

«ደህና ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«አላውቅም» አልኳት።

እጅጌዋን መለሰች። ሐኪሙ ያሉኝን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ብርዱን፣ ረሃቡን፣ ሰውነት የሚቋጥረውን። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ይህን እኮ ነግሬህ ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። «ምሳ አቅርቤልህ ነገርኩህ።»

«አሁን ገባኝ። ተመለሺ።»

«ዶክተሩ ባይነግሩህስ?»

ግፊት መለኪያውን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እናቷ ዳቦና ሻይ አቀረቡልኝ። ጠጥቼ ተነሳሁ። ከሁለት ወር በኋላ ሽማግሌ ላከችብኝና በቃዲ ፊት ተፋታን።

ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ፣ ከኩታበር የመጣች አንዲት ሴት ቁስሏን ሳጥብላት ስለ አገሯ ጠየቅኳት። የቀድሞ ባለቤቴ እዚያው አንድ ነጋዴ አግብታ ሴት ልጅ መውለዷን ነገረችኝ።

«በሰላም ተገላገለች?» አልኳት።

«በሰላም። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ቁስሉን በፋሻ ጠቀለልኩላት። ሴትዮዋ አጥብቀህ አሰርከው ብትለኝ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት። አላገባሁም፤ ልጅም የለኝም።