ወደ ደቡብ የሚያይ መብራት

ሳን ሆዜ በምኖርበት አፓርትመንት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደጄ ፊት ለፊት አንዲት ህንዳዊት ትኖራለች። ዕድሜያችን ቢቀራረብም «ዲዲ» ትለኛለች፤ በቋንቋዋ ታላቅ እህት ማለት ነው። ዓይኔን ኦፕራሲዮን ሆኜ የተኛሁት በጾም ነበር። ቅቤ እንደማልበላ ጠይቃ ተረድታ፣ ምስሩን በዘይት ብቻ እየሠራች ታመጣልኝ ነበር። ልጄ ሥራ ስለሚውል ሌላ ጠያቂ አልነበረኝም። እንዲህ ያደረገልኝን ሰው ሲቸግረው ዞር ማለት እኔ ዘንድ የለም።

በኋላ ባሏ ታመመ። ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ ለዲያሊሲስ ይመላለሳል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እሷም ወድቃ ዳሌዋን ተሰብራ ስለነበር ከመደገፊያ ዎከሯ አትለይም፤ ደረጃ መውረድ አትችልም። እንዲህ እንዳሉ የብርሃን በዓላቸው ዲዋሊ ደረሰ። ሌላ ጊዜ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ አጽድታ፣ ደጃፉ ላይ በሩዝ ዱቄት ወደ ውስጥ የሚገቡ ትናንሽ የእግር ዱካዎች ትሥል ነበር። የሀብት ሴት አምላካቸው የምትገባው ንጹሕና ብርሃን ያለበት ቤት ነው ይላሉ። ያን ዓመት ግን ሀብትን አላነሳችም። የፈለገችው አንድ መብራት ብቻ ነበር።

«በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን፣ ማታ፣ ለሞት አምላክ የሚበራ አለ» አለችኝ። «ያለ ጊዜው እንዳይመጣብን። ከቤት ውጭ ነው የሚቀመጥ፤ ፊቱ ወደ ደቡብ።»

ባሏ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ይሰማናል። «ይሄን ሁሉ ትራፊክ ችሎ ሳን ሆዜ ድረስ ከመጣማ ሻይ አፍሉለት እንጂ» አለ። እሷ አልሳቀችም።

ከስንዴ ሊጥ ትንሽ ዋንጫ ሠርታ፣ የሰናፍጭ ዘይት አፈሰሰችበትና የጥጥ ክር አስገባችበት። ደጃፏ ላይ አስቀምጠን ገና እንደለኮስነው የሕንፃው ማናጀር መጣ። እሳት ክልክል ነው አለ። ጊዜው አሜሪካኖቹ ሃሎዊን የሚሉት የማስፈራሪያ በዓል ሰሞን ነበር፤ በየበሩ ጥርስ የተቀረጸለት ዱባ ተቀምጦ ውስጡ ሻማ በርቷል።

«ያስ እሳት አይደለም?» አልኩት በምችላት እንግሊዝኛ።

«እሱ ዲኮሬሽን ነው፣ ማዳም።»

«ለሷ ካጠፋህ ለሁሉም አጥፋ። ለሁሉም ከተውክ ለሷም ተው።»

እኔን አየኝ፤ ዱባዎቹን አየ። ከዚያ ከበር በር እየዞረ ሻማውን ሁሉ እፍ እያለ አጠፋ። በመጨረሻ የሷንም አጠፋ። «አሁን ፌር ሆነ?» አለኝ።

ኮሪደሩ ጨለመ። አንዲት እናት የሚያለቅስ ልጇን ስታባብል «አሮጊቷ ናት ያስጠፋችው» ስትል ሰማኋት።  ማናጀሩን ዛሬም ቢሆን ያንኑ እለዋለሁ።

ጎረቤቴ ሊጡን ከመሬት አንስታ ያዘችው። «ዲዲ፣ ውጭ ያለው መንገድ የማናጀሩ አይደለም። ውሰጂልኝ።»

እኔ ጧፍ የማበራው ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለሞት አብርቼ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል ብዬ ቆምኩ። ምስሩ ትዝ አለኝ። «አምጪ» አልኳት።

«ካስቀመጥሽው በኋላ ዞረሽ እንዳታዪው» አለች። «በእኛ ቤት ልማዱ እንደዚያ ነው።»

ደቡብ በየት በኩል እንደሆነ ባሏ ስልኩ ላይ አይቶ ነገረኝ። ወርጄ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ፣ ከውሃ መፍሰሻው አጠገብ ለኮስኩትና አዙሬ አስቀመጥኩት። ነፋስ ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ነበልባሉ ይተኛና መልሶ ይነሣል። አማተብኩና ጀርባዬን ሰጠሁት። ወዲያው አውቶቡስ እየጮኸ ሲያልፍ ነፋሱ ነጠላዬን ገለበው። አንገቴ ሊዞር ፈልጎ ነበር፤ ከለከልኩት።

ባሏ የገና በዓል ሳይደርስ ሞተ።

በልማዳቸው ሐዘን የገባበት ቤት የዚያን ዓመት በዓል አያከብርም። ዲዋሊ ዞሮ ሲመጣ ዱባዎቹ በባትሪ እየበሩ፣ የሷ ደጃፍ ብቻ ባዶ ነበር። ምስር ሠርቼ ገባሁ። ሳህኑን ሳትቀበለኝ አየችኝ።

«ዲዲ፣ ያን ማታ መብራቱ የጠፋው ዘይቱ አልቆ ነው ወይስ ነፋስ አጥፍቶት?»

ዓመት ሙሉ ይዛው እንደኖረች ከድምፅዋ አወቅሁ። ዘይቱ አልቆ ነው ብላት፣ ባሌ የሞተው ነፋስ አጥፍቶት ይሆን ከሚል ሐሳብ አርፋ ትተኛ ነበር።

«አላየሁም» አልኳት። «አትዪ ብለሽኝ አላየሁም።»

«እኔም ያን ማታ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር» አለች። «መጋረጃውን አልገለጥኩትም።»

ከዚያ ሳህኑን ተቀበለችኝ።