ትኬት ቆራጩ አባት

በሕፃናት ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ከፊቴ የተቀመጠው ሰው የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው፤ የደንብ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። የሦስት ዓመት ልጁ ጭኑ ላይ ሆና መዳፏን ጉሮሮው ላይ አሳርፋለች። እሱ በለሆሳስ ሲያንጎራጉር፣ ንዝረቱ በእጇ ሲያልፍ፣ ዓይኗን ትከድናለች።

«አፏን አልፈታችም፤ ስጠራትም አትዞርም» አላት ወደ እሱ የመጣችውን ነርስ። «ዘመድ ሁሉ ‹አንተም ዘግይተህ ነው የተናገርከው› ይለኛል። እኔ ግን ልቤ አላርፍ አለ፣ እህቴ።»

«እንኳን አመጧት» አለች ነርሷ። «ምናልባት ጆሮዋ ይሆናል። ዛሬውኑ እናስመርምራት።»

«ታዲያ ስሟን እስከዛሬ አልሰማችውም?»

ሰውየው ልጁን ቁልቁል ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ከሕልሙ በቀስታ እንደሚነቃ ሰው ፈገግ አለ።

«እንግዲያው ስሟ ገና አዲስ ነው» አለ፤ «ይጠብቃታል።»