ኢፍራህና የጠወለገው ቦሎቄ

ዛሬ ጠዋት፣ ዘንድሮ የተመደበችው መምህርት ሰናይት «ሕይወት ያላቸው ነገሮች» የሚለውን ምዕራፍ ለሁለተኛ ክፍል ልጆች እንዴት እንደማስተምር ጠየቀችኝ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ባልደረቦቼም በዚህ ይቀልዱብኛል። ከዘሩ ጀምሬ ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩ ወደ ብርሃኑ ስሄድ የሰናይት ሻይ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ፣ «የጠወለገ ተክል ውሃ ጠጥቶ ቀና ሲል ባሳያቸውስ? በጣም የሚወዱት ይመስለኛል» አለች።

«ይወዱታል» አልኩ።

እኔም አሳይቼ ነበር፤ ጅግጅጋ በመጣሁበት ዓመት፣ ማስተማር ስጀምር። ጊዜው የድርቅ ነበር። ሶማሌዎች «ጉ» የሚሉት የበልግ ዝናብ ደጋግሞ ቀርቷል። ከካራማራ በኩል የሚነሳው ነፋስ አቧራውን እየጠረገ በመስኮት ይገባና ሰሌዳው ላይ ከጠመኔው ጋር ይቀላቀላል። ጠዋት ጠዋት አንጄሮ የሚሉትን ስስ እንጀራ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር የምበላበት ቤት ባለቤቷ፣ «ወተት የለም፣ ሻዩን በባዶው ጠጣ» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች።

የማስተምረው በአማርኛ የሚማሩትን ልጆች ነበር፤ የወታደር፣ የነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች። ኢፍራህ ግን ከጉናጋዶ ገጠር የመጣች፣ የአርብቶ አደር ልጅ ናት። አክስቷ ወይዘሮ ሳህራ ናት እዚህ አምጥታ ያስገባቻት። «ሶማሊኛውን ከእኛ ጋር ታወራለች፤ አማርኛውን ደግሞ እዚህ ትልመድ» ብላ።

ኢፍራህ ላም ነበራት። በእነሱ አገር ልጅ ሲወለድ አንዲት ሴት ከብት በስሙ ትሰጠዋለች፤ የምትወልደውም ሁሉ የልጁ ነው። የኢፍራህ ላም ባርዋቆ ትባላለች። «እኩያዬ ናት» ትል ነበር፣ ስለ ክፍል ጓደኛዋ እንደምታወራ ሁሉ። አባቷ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ባርዋቆ እንደሆነ አክስቷ እየሳቀች ነግራኛለች።

ቦሎቄውን በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ዘራን። ሲበቅል አንዱን እያጠጣን ሌላውን ከለከልነው።

«ቲቸር፣ አፍ ሳይኖረው በምንድን ነው የሚጠጣው?» አለች አንዷ።

«በእግሩ!» አለ የወታደሩ ልጅ ሳሚ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ኢፍራህ አልሳቀችም። «እግሩ አፈር ውስጥ ነው፤ ውሃውም አፈር ውስጥ ነው። ልክ ነው» አለች።

የተከለከለው ቦሎቄ ቅጠሉ ተንጠልጥሎ አንገቱን ሲደፋ፣ በማለዳ ውሃ አጠጣሁት። ከእረፍት ሲመለሱ ቀና ብሎ አገኙት። አጨበጨቡ፤ ወንበር ላይ የወጣም ነበር። ኢፍራህ ብቻ እጇን አወጣች። «ላምም ሕይወት ያላት ነገር ናት?» አዎ አልኳት። ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ሳህራ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ላሟ ሞታለች። ወንድሜ ደውሎ ነገረኝ። እኔም ለልጅቷ ነገርኳት፤ አላለቀሰችም። ምንም! ይሄ ደግ ነገር ነው?» ልጆች ሐዘን ቀስ ብሎ ነው የሚገባቸው ብዬ አስረዳኋት። ያነበብኩትን ነበር የነገርኳት።

ያላለቀሰችበት ምክንያት የገባኝ ዝናቡ የመጣ ዕለት ነው። ደመናው ካራማራን ሸፍኖ ወረደና ቆርቆሮው ድምፄን ዋጠው። ልጆቹ መስኮቱን ተሻሙ። ኢፍራህ ትዘላለች፤ «ጉናጋዶም ይዘንባል! ባርዋቆ ትነሳለች!»

«ሞተች አላልሽም እንዴ?» አለ ሳሚ። «ላምና ቦሎቄ አንድ ነው?»

«አንተ ላም የት ታውቃለህ? ወተት ከፌስታል የሚወጣ ነው የሚመስልህ!» ልጆቹ ሳቁበት። እሷ ግን ማስረዳቷን ቀጠለች። «ቲቸር ራሱ አሳይቶናል። ሁለቱም ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው። ደግሞ እኛ ጋ ከብት ሲወድቅ ሰዎች ይሰበሰባሉ። አንዱ ጅራቷን ይይዛል፣ ሌላው ጎኗን ይደግፋል፣ ያነሷታል፤ ውሃ ስትጠጣ ትቆማለች። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያየችውን ከተማረችው ጋር አገናኝታ፣ ከሁለቱ አንድ መደምደሚያ ላይ ደርሳለች። ኮሌጅ ሳለን ልጆችን አስተምሩ የተባልነውም ይህንኑ ነው። «የሞተ አይነሳም» ማለት ነበረብኝ። ፊቷን አየሁና፣ «ነገ እናያለን» አልኩ።

በማግስቱ፣ ከኋላ መስኮት ላይ ተረስቶ ገለባ የሆነ ቦሎቄ ሰጠኋት። «ይሄ ጠውልጎ አይደለም፤ ሞቷል። አጠጪውና አብረን እንይ» አልኳት። ደወል ሳይደወል እየመጣች፣ ከቧንቧው በመዳፏ እየቀዳች ታጠጣዋለች። አንድ ቀን ቀረብ ብዬ ሳየው፣ ግንዱ በክብሪት እንጨቶች ተደግፏል፤ አንዱ ከጎኑ፣ አንዱ ከኋላው።

«ሰዎቹ ናቸው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ሳታጠጣው መጥታ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። «ጠጥቷል። ደግፈነዋል። አልቆመም።» ቀጥላም፣ «ባርዋቆም አትነሳም፣ አይደል?» አለች።

«አትነሳም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ሄዳ ዴስኳ ላይ ተደፋች። ሳሚ ቦርሳውን ይዞ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። መልሷ ትክክል ነበር። ለትክክለኛ መልስ ክፍሉን የማስጨበጭበው ሰውዬ፣ እጄን የማሳርፍበት አጣሁ።

ዛሬ ኢፍራህ የትልልቆቹ ክፍል ደርሳለች፤ ስታየኝ ሂጃቧን አስተካክላ ሰላም ትለኛለች። አባቷም መንጋው ካለቀ በኋላ ከተማ ገብቶ ጋሪ ይገፋል። ከዚያ ወዲህ ልጅ የተሳሳተ ሐሳብ የሙጥኝ ሲል፣ አልገባውም ብዬ ቶሎ አላርመውም፤ ያ ሐሳብ ማንን በሕይወት እንዳቆየለት መጀመሪያ አጣራለሁ። ለሰናይት ይህን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ዛሬ ግን ቃላቱ በቅደም ተከተል አልመጡልኝም።

ባርዋቆ ሜዳ ላይ የወደቀችበትን ቀን አላውቀውም። ለኢፍራህ የሞተችው ግን ሁለተኛ ክፍል ውስጥ፣ በእኔ ክፍለ ጊዜ ነው።