የሚስቴ ካፖርት

ሰው በሰው ይቀናል፤ እኔ ግን የቀናሁት በአገር ነው። ሚስቴ እኔን ከማግባቷ በፊት ሦስት ዓመት ስፔን ኖራለች፤ ከቫሌንሲያ ወደ ውስጥ ገባ ባለች ትንሽ ከተማ፣ አንዲት አሮጊት ቤት፣ አሮጊቷን እየተንከባከበች። ከዚያ ዲቪ ደረሳትና አሜሪካ፣ ኦክላንድ መጣች። ተዋወቅን፣ ተጋባን። ስፔንም አብሮን ቤት ገባ። ቲማቲም ስንገዛ የእነሱ ቲማቲም ከሩቅ ይሸታል ትላለች። ዳቦ ስቆርስ የእነሱ ዳቦ ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል ትላለች። ካሊፎርኒያ ተቀምጠን እንኳ፣ ፀሐይስ እዚያ ነበረች ትለኛለች። ታዲያ ለምን መጣሽ እላለሁ በሆዴ። በአፌ እንዳልጠይቃት መልሱን እፈራለሁ።

ፍሩትቬል የሚባለው ሰፈር ወደ ሜክሲኮዎቹ ሱቅ ስንሄድማ ሌላ ሰው ትሆናለች። እጇ ያወራል፣ ትከሻዋ ያወራል፣ ባለሱቁ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። እኔ ቅርጫት ይዤ እንደ ዘበኛ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ምን እንዳሳቃት ብጠይቃት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው አለችኝ። በሽንኩርት ዋጋ የሚስቅ ሰው እስከዚያ ቀን አይቼ አላውቅም ነበር።

የእኛ ኑሮ ሳቅ የሚበዛበት አልነበረም። እኔ ማታ ማታ ታክሲ እነዳለሁ። እሷ ሳን ሆዜ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል የሚያጸዱትን ሴቶች ትመራለች፤ ሥራውንም ያገኘችው በዚያው በስፓኒሽዋ ነው። እስከ ፍሪሞንት በባቡር፣ ከፍሪሞንት በአውቶቡስ ትሄዳለች። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። አንዳንድ ጠዋት ደረጃው ላይ እንገናኝና ምግቡ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ትነግረኛለች። ሳህኑ በሌላ ሳህን ተከድኖ ይጠብቀኛል፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትቼ፣ አሙቄ፣ ቆሜ እበላለሁ። ለእኔ ትዳር ማለት ይህ ነበር። ኪራዩ ይከፈላል፣ ማንም በማንም ላይ አይጮኽም።

እሑድ ጠዋት ስልክ ይደወላል። አሮጊቷ ናት። ሚስቴ በአማርኛ "እማማ" ትላታለች፣ አሮጊቷም በዚሁ ስም መጠራት ለምዳለች። የእኔ እናት ስትደውል "እንደምን ነዎት፣ ደህና ነዎት" ብላ ስልኩን ወዲያው ለእኔ የምታቀብል ሴት፣ ከእማማዋ ጋር ሶፋ ላይ እግሯን አጥፋ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ታወራለች። ከበስተኋላ የወንድ ድምፅ ይሰማል። የአሮጊቷ ልጅ ነው፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው ትላለች። ሚስት የለውም ወይ አልኩ አንዴ፣ እንደ ዋዛ። የለውም አለች፣ እሷም እንደ ዋዛ።

አንድ እሑድ ስልኩን ዘግታ፣ "እማማ ክፍልሽ እስካሁን ባዶ ነው አለችኝ" አለች። ቀጥላም ነሐሴ ላይ የከተማዋ የማርያም በዓል እንደሚከበር፣ ዘንድሮ መሄድ እንደምትፈልግ፣ ፈቃድም ከወዲሁ እንደጠየቀች ነገረችኝ። ከተመቸኝ አብረን፣ ካልተመቸኝ ደግሞ ብቻዋን። ብቻሽን ምን በወጣሽ አልኩ።

ሻንጣ ስታዘጋጅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ የተሰቀለውን ካፖርት አወረደች። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እስከ ባቷ የሚደርስ የሱፍ ካፖርት ነው፤ ከስፔን ስትወጣ አሮጊቷ የሰጠቻት። ኦክላንድ ለእንዲህ ያለ ካፖርት የሚበቃ ብርድ ስለሌለው ከመጣች ጀምሮ ከሚስማሩ ወርዶ አያውቅም። አጣጥፋ ከሻንጣው ሥር አስተኛችው። ነሐሴ ላይ እዚያ ድንጋይ የሚያቀልጥ ሙቀት እንደሆነ የነገረችኝ ራሷ ናት። በዚያ ሙቀት፣ ለጥቂት ቀን በዓል፣ የብርድ ካፖርት የሚይዝ ሰው ወይ አብዷል ወይ አይመለስም። ሚስቴ ደግሞ አላበደችም። ሻንጣውን ተሸክሜ ወደ መኪናው አወረድኩት፤ የራሴን መሰናበቻ የተሸከምኩ መሰለኝ።

ስፔን ስንደርስ አሮጊቷ በር ላይ ጠበቀችን። ሚስቴን አቅፋ አለቀሰች፣ ከዚያ እኔን ግራና ቀኝ ሳመችና ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋ አንድ ነገር አለች። ከሳ ያለ ነው አለች ስትል ሚስቴ ተረጎመችልኝ። ልጅየውም ከውስጥ መጣ። እኔ በሐሳቤ ስሥለው የከረምኩት ሰውዬ ረጅምና ጸጉረ ሉጫ ነበር፤ ይሄኛው ራሰ በራና ቦርጫም ሆኖ ቢመጣ ትንሽ ተጽናናሁ። ወዲያው ወደ ሚስቴ ዞሮ፣ ጥርት ባለ አማርኛ "ደህና ነሽ?" አላት። መጽናናቴ እዚያው ላይ አበቃ።

ክፍሉ እንደተባለው ባዶ ነበር። ሚስቴ ያኔ ራስጌው ላይ የለጠፈቻት የእመቤታችን ሥዕል እንኳ አልተነሳችም። ሚስቴ ሻንጣዋን ከፍታ መጀመሪያ ያወጣችው ካፖርቱን ነው። ከበሩ ኋላ እዚህም ሚስማር ነበር፤ ሰቀለችው። የዚያን ሰሞን አልጋው ላይ በተጋደምኩ ቁጥር ከፊቴ የሚታየኝ እሱ ነበር።

መንገድ ስንወጣ ከየበረንዳው ይጠሯታል። ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ ዓሣ ሻጯ፣ ጥርስ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ሳይቀሩ። እኔ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ ቡና ቤቱ ውስጥ ባልየው ምን ይሠራል ሲሉ አሜሪካ ውስጥ በትራንስፖርት ንግድ የተሰማራሁ ነኝ ብለሽ ንገሪያቸው አልኳት። እሷም ነገረቻቸው። ታክሲ የሚለው ቃል በስፓኒሽም ታክሲ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የበዓሉ ዕለት ጎዳናው ከዳር እስከ ዳር ጠረጴዛ ሆነ። በየደጃፉ የብርቱካን እንጨት ይነዳል፣ በላዩ ላይ ሞሰብ የሚያካክል ብረት መጥበሻ ተጥዶ ሩዝ ይበስላል። ፓኤያ ይሉታል። ሥጋ አለበት፤ ዶሮና ጥንቸል። እኛ ደግሞ ፍልሰታ ላይ ነን፤ እነሱ የማርያምን ዕርገት ሲያከብሩ የእኛ ጾም ገና አልተፈታም። እኔ እንኳ እውነቱን ለመናገር ታክሲ ውስጥ ያገኘሁትን እየበላሁ ጾም ከተውኩ ከርሜያለሁ። ሚስቴ ግን ትጾማለች። እንግዲህ እዚህ ስትቸገር አያለሁ፣ አገሩም የእሷ አገር እንዳልሆነ ታያለች ብዬ ደስ አለኝ። እንዲህ ባለ ነገር ደስ የሚለው ሰው ሆኜ ነበር።

ከትልቁ መጥበሻ አጠገብ ግን አንድ ትንሽ መጥበሻ ተጥዶ ነበር። ውስጡ ፎሶሊያ፣ ቀይ በርበሬና ሩዝ ብቻ ነው። ሚስቴን ለማን ነው ብላት፣ ለእኔ ነው አለችኝ። እዚህ ሳለች በየዓመቱ ይጥዱላት ነበር። ከሄደች በኋላም በዚህ በዓል መጣዳቸውን አልተዉም፤ አሮጊቷና ልጇ የእሷን ድርሻ እየበሉ ጠበቋት። ምሳቸውም በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የፍልሰታ ቅዳሴ የሚወጣበት ሰዓት። ሚስቴ ሁልጊዜ ይህ አገር ሳያውቀው ይጾማል ትለኝ የነበረው ለካ ይህን ኖሯል። እኔ ባሏ ቤቴ ውስጥ ጾም መኖሩን የማውቀው ፍሪጁ ውስጥ ባለው ምስር ነው። በመጥበሻ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

በትንሹ መጥበሻ ዙሪያ አራት ሆነን ተቀመጥን፤ አሮጊቷ፣ ልጇ፣ ሚስቴና እኔ። ሳህን የለም። ሁሉም ከፊት ለፊቱ ነው የሚበላው፣ የሌላውን ወገን መንካት ነውር ነው፤ ልክ እንደ እኛ ገበታ። ይህም ደስ አላለኝም። የእኛ ብቻ ይመስለኝ የነበረ ነገር ሰው እጅ ላይ አገኘሁት። ልጅየው ራሱ ከጋገረው ዳቦ ቆረሰ፣ ሩዙን በዳቦው ጠቀለለ፣ እጁን ዘረጋ። ሚስቴም እጁ ሳይደርስ አፏን ከፈተች።

አጎረሳት። እሷ እያኘከች ሌላ ጠቀለለ። "አንድ ያጣላል" አለ፣ በአማርኛ፤ ሁለተኛውን ደገመላት። አሮጊቷ አጨበጨበች። እሷም በተራዋ አሮጊቷን አጎረሰች፣ ልጅየውንም አጎረሰች። እኔና እሷ ለመጨረሻ ጊዜ የተጎራረስነው በሠርጋችን ቀን፣ ፎቶ አንሺው ቀና በሉ እያለን ነው። እዚህ ግን መንደሩን ሁሉ ጉርሻ አስተምራዋለች።

የማን ሚስት እንደሆነች ላሳያቸው ብዬ ከዳቦው ትልቁን ቆረስኩ፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቀለልኩና ወደ ሚስቴ ዘረጋሁ። አፏ ሙሉ ነበር። ቆይ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። እጄ አየር ላይ ቀረ። የጎረቤት ጠረጴዛዎች ሁሉ ያዩኛል። አሮጊቷ አየችኝ፣ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና ጉርሻዬን ከእጄ ላይ በላችው። ከዚያ ጣቷን አንድ ብላ አሳየችኝና ሁለተኛውን ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሚስቴ ከሁሉም ይበልጥ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ። ያን ሳቅ ኦክላንድ ውስጥ ሰምቼው አላውቅም። ዳቦ ጋጋሪውን ተጣልቼ ላባርረው እችል ይሆናል፤ ይህን ሳቅ ግን ምን አድርጌ አባርረዋለሁ?

ወደ ማምሻው ላይ የማርያምን ምስል በትከሻ ተሸክመው ሲያልፉ፣ ሰልፉ ዳር እኔና እሷ ብቻችንን ቆምን። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ የእኔን የእነሱ ወይን አወጣው።

"እዚህ ነው ደስ የሚልሽ" አልኳት።

"እዚህ ሰው አብሮኝ ይበላል" አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። "ኦክላንድ ከማን ጋር ነው የምበላው? ከማይክሮዌቩ ጋር? ሺፍትህን ቼንጅ አድርግ ብዬ ስንቴ ነገርኩህ። ሰማሁ ትላለህ፣ ትተኛለህ።"

ነግራኛለች፤ እኔ የሰማሁት ግን ስለ ቲማቲሙ ብቻ ነበር።

የመሄጃችን ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ የእኔ ሻንጣ በር ላይ ቆሟል። የእሷ የለም። ካፖርቱ ሚስማሩ ላይ እንዳለ ነው። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ማሰብ ጀምሬ ሳለ ሚስቴ ኩታዋን ተከናንባ ገባች። ልጅየው የእሷን ሻንጣ ወደ ተከራየነው መኪና አውርዶታል።

"ካፖርትሽ ቀረ" አልኳት።

"አልቀረም። እዚህ ስመጣ የምለብሰው ነው፣ የብርዱን ጊዜ።"

"ልትመጪ ነው?"

ትክ ብላ አየችኝ። "እኔን ይዘኸኝ እየሄድክ በካፖርት ትቀናለህ?"

አዎ ማለት አፈርኩ። መኪናው ውስጥ ገባን። አሮጊቷ እጇን በመስኮት አስገብታ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ፤ ልጅየው ለመንገድ ገና ትኩስ ዳቦ ሰጠን። ዳቦው፣ ምን ላድርግ፣ ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል።

ኦክላንድ እንደገባን ለታክሲው ባለቤት ከማታ ወደ ቀን እንዲቀይረኝ ነገርኩት። የቀኑ ገበያ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መከረኝ፤ አልሰማሁትም። ፍልሰታ የተፈታ ዕለት ሚስቴ ከሳን ሆዜ ስትመለስ እኔ ቤት ነበርኩ። ወጡ በአንድ ትሪ ቀረበ። ማይክሮዌቩ ላይ የወጥ ቤት ፎጣ ጣል አድርጋበታለች። በትልቁ ጠቀለልኩና እጄን ዘረጋሁ፤ እጄ ሳይደርስ አፏን ከፈተች።

እሷ እያኘከች ሳለ ዓይኔ ወደ በሩ ኋላ፣ ወደ ባዶው ሚስማር ሄደ። መቼ ነው የምትሄጂው ልላት አፌን ስከፍት አየችኝ። አንድ ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተተችበት። እሱን ሳልውጥ ሁለተኛውን ይዛ ጠበቀችኝ።