የሁለታችን መለያ

የኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት የድሮ የስፖርት ፎቶዎችን ከየሰዉ ሰብስቦ ኮምፒውተር ላይ ሊያስቀምጥ ነው ሲባል አላመንኩም። ፎቶ ተውሶ የመለሰ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔ ያለኝ ደግሞ አንድ ነው፤ አብራኝ የተማረችው ጓደኛዬ በሩጫ አንደኛ ወጥታ ክሩን ስትበጥስ የተነሳችው። ጓደኛዬ ከሞተች ቆይታለች። እናቷ ዘንድ እንኳ ሌላ ፎቶ የለም።

እናቷን ከአዲስ ቅዳም ከተማ በሚኒባስ አስመጥቼ አብረን ሄድን። ምስክር እንዲሆኑኝ ብዬ ነው።

«ትተውልን ይሂዱ፤ ነገ ይወስዱታል» አለች የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ፈገግ ብላ። ፈገግታዋም አላማረኝም።

«እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» አልኳት።

ፎቶው ስካነሩ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ዓይኔን አልነቀልኩም። ስትመልስልኝም ፊትና ጀርባውን አገላብጬ አየሁት፤ ያው የራሴው ነው። እፎይ አልኩ።

ሠራተኛዋ ግን ጓደኛዬ ደረት ላይ ያለውን ቁጥር ከድሮው የቡድን ዝርዝር ጋር አመሳከረችና ከፎቶው ሥር የእኔን ስም ጻፈች።

«ለካ አሸናፊዋ እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ያን ጊዜ መለያ አይበቃንም ነበር። ጠዋት የሮጠችው አውልቃ ከሰዓት ለምትሮጠው ትሰጣለች። እኔ ጠዋት ተሸንፌ፣ በላቤ የራሰውን መለያ ለእሷ ሰጠኋት። ቁጥሩ የእኔ፣ ድሉ የእሷ ነው። ይህንኑ ለሠራተኛዋ አስረዳኋት።

አሁን ደግሞ እሷ እኔን መጠርጠር ጀመረች። አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን ታያለች። በፎቶው ላይ የጓደኛዬ ፊት ደብዝዟል፤ ያኔ ሁላችንም ቀጫጮች ነበርን።

«ዝርዝሩ የእርስዎን ስም ነው የሚለው። ማስረጃ አለዎት?»

ተናደድኩ። ፎቶዬን እንዳትወስድብኝ ስጠብቃት፣ የሟችን ድል ወስዳ ለእኔ ልትሰጥ ነው።

የጓደኛዬ እናት ተነስተው ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። ጓደኛዬ መለያው ስለሰፋት በግራ ጎኗ ላይ ቋጥራዋለች። እናቷ ጣታቸውን ቋጠሮው ላይ አሳረፉ።

«ልብስ ሲሰፋት በዚህ በኩል ነበር የምትቋጥረው» አሉ። «ግራኝ ነበረች ልጄ።»

ሠራተኛዋ የእኔን ስም አጠፋችና «እማማ፣ ስሟን ይንገሩኝ» አለቻቸው። ነገሯት፤ ጻፈች።

እናቷ ፊደል አያውቁም። ሠራተኛዋ እንዳትሰማ በአዊኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የእሷን ስም መጻፏን በምን አውቃለሁ፤ አንቺ አንብቢልኝ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው።

«ድገሚልኝ» አሉ።