ለአያቴ የተረጎምኩት ፍቅር

ሰው ድራማ ማየት እረፍት ይመስለዋል። እኔን ግን ባለፈው ዓመት ከድራማ በላይ ያደከመኝ ነገር የለም፣ ሒሳብን ጨምሮ። የማየው ለሁለት ሰው ነበራ። አያቴ አማርኛ የምታውቀው ለገበያ የሚበቃትን ያህል ነው፤ «ስንት ነው»፣ «ቀንስ»፣ «በል ተወው» ካለች በኋላ ያልቅባታል። ድራማው ደግሞ ከባሕር ማዶ መጥቶ አማርኛ እንዲናገር የተደረገ ነው። ስለዚህ ከእራት በኋላ እግሯ ሥር ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ቁጭ እልና ሰዎቹ የሚሉትን ሁሉ ወደ ቋንቋችን፣ ወደ ካፊኖኖ እገለብጥላታለሁ። ሲዋደዱ ቀስ ብለው ስለሚያወሩ ይመቻሉ። ሲጣሉ ግን ሁሉም አንድ ላይ ይጮኻሉ። ያን ጊዜ «ተቆጥቷል፣ እሷም ተቆጥታለች፣ እናትየዋ ታለቅሳለች» ብዬ በአጭሩ እዘጋዋለሁ።

አያቴ አጭር ነገር አትወድም።

«ይህን ሁሉ አፋቸውን ሲያላውሱ ቆይተው ያሉት ይህንኑ ብቻ ነው?» ትለኛለች።

ታሪኩ የድሮ ዘመን ነው። ቤቱ የኛን ቀበሌ የሚያክል አንድ ባላባት አለ። ሴት ልጁ ፈረሶቻቸውን የሚጠብቀውን ልጅ ትወዳለች። ልጁ የቤቱን ደጃፍ ማለፍ አይፈቀድለትም፤ የሚበላውም የሚተኛውም ከፈረሶቹ ጋር ነው። እሷ በረዥም ቀሚሷ ጭቃውን እየጠረገች ትሄድና በበረቱ ቀዳዳ ታየዋለች። እኔ እዚህ በጥቂት መስመር ጨረስኩት፤ እነሱ ግን ከመስከረም እስከ ግንቦት ጎተቱት።

«ይህቺ ልጅ ውሃ አትቀዳም?» አለችኝ አያቴ መጀመሪያ ሰሞን።

«ሠራተኛ አላት።»

«እንጨትስ?»

«አያቴ፣ ባላባት ናቸው እኮ።»

«ለዚህ ነዋ ፍቅር የያዛት። ሥራ ፈት ናት።»

ፈረስ ጠባቂውን ግን ወደደችው። ሲመቱት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ትወስዳለች። «ዓይኑን አየሽው?» ትላለች፤ «አይቅበዘበዝም። ይህ ልጅ ከደህና ቤት ሳይሆን አይቀርም።» ይህን ነገሯን ያኔ ልብ አላልኩትም።

ታላቅ እህቴ ዋጫ ከተማ ነው የምታስተምረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ቦንጋ ትመጣለች። ኮሌጅ አብሯት የተማረ፣ አሁን ሺሺንዳ በምትባል ከተማ ሒሳብ የሚያስተምር ልጅ አላት። ሊያገባት ይፈልጋል፤ እሷም ትፈልጋለች። ችግሩ የተወለደበት ወገን ነው። እኛ አገር ጫካው ዳር የሚኖሩ፣ እንጨትና ከሰል ወደ ገበያ የሚያወርዱ ሰዎች አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፣ ብዙ ቤት ውስጥ የሚነሳው ሰው ለመስደብ ነውና። ድሮ ከሌላው ሰው ጋር አይበሉም ነበር ይባላል። ደጃፍ አያልፉም፤ ውሃ ቢጠማቸው በኮባ ቅጠል ይቀዳላቸው ነበር እንጂ የቤቱን ዋንጫ አይነኩም። ድሮ አልኩ እንጂ ከሰል የሚያመጣልን ሰውዬ ዛሬም ማዳበሪያውን በር ላይ አውርዶ ነው የሚመለሰው። ግባ ያለው የለም። እሱም ገብቶ አያውቅም።

እማዬ ወረዳ ቢሮ ነው የምትሠራው። ስለ እኩልነት ሥልጠና ሲሰጥ አዳራሹን የምታዘጋጀው፣ ለስላሳውን የምታስመጣው እሷ ናት። እህቴ ስለ ልጁ ስትነግራት ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ሰማቻት።

«እኔ ምን አለኝ?» አለች። «አያትሽን ጠይቂ።»

አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤታችን ቃል የአያቴ ነው። እሷ ሳትፈቅድ ሽማግሌ ቤታችን አይገባም። እማዬ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻት፤ አያቴም «ሰማሁ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በቃ። «ሰማሁ» የምትለዋ ቃል በጋውን ሙሉ ቤታችን ውስጥ ተቀምጣ ከረመች። ማንም አላነሳትም፣ ማንም አልጣላትም።

አንድ ቅዳሜ ልብስ እያሰጣን እህቴ ጠጋ አለችኝ።

«አንቺ፣ ያንን ፈረስ ጠባቂ ትወደዋለች አይደል?»

«ልጄ ልትለው ምንም አልቀራት።»

«እንግዲያው ይበልጥ እንድትወደው አድርጊያት።»

«ውሸት ልጨምር?»

«ውሸት አላልኩሽም። አሳምረሽ ተርጉሚ ነው ያልኩሽ።»

ማሳመር ጀመርኩ። ፈረስ ጠባቂው ልጅቷን «ደህና እደሪ» ሲላት እኔ «ሌሊቱ እንደ ማንኪራ ጫካ ማር ይጣፍጥልሽ» አልኩለት። አንድ ቀን «ፈረሱ ታሟል» ብቻ ብሎ ወጣ፤ እኔ ግን ፈረሱን እንዴት አቅፎ እንዳደረ፣ ለራሱ የተሰጠውን ብርድ ልብስ እንዴት እንዳለበሰው ጨመርኩበት። አያቴ አለቀሰች። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ከአፌ የወጣ ቃል የሰው ፊት ሲለውጥ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ክፍል ውስጥ እያንቀላፋሁ እንኳ ማታ ምን እንደምለው አስብ ነበር።

ግን ይደክማል። ጉሮሮዬ ይደርቃል፤ የቤት ሥራዬ ሳይሠራ ያድራል፤ ደግሞ ድራማው እንዳለቀ እህቴ ትደውላለች።

«ምን አለች?»

«አለቀሰች።»

«ለማን?»

«ለፈረስ ጠባቂው።»

እሷም ደክሟታል፤ ድምፅዋ ውስጥ ይሰማል። ሒሳብ አስተማሪው ሌላ ወረዳ እንዲዛወሩ ሐሳብ አቅርቦላት ነበር፣ ማንም የማያውቃቸው ቦታ። እሷ ደግሞ ከአያቴ ተደብቃ መዳር አትፈልግም። አያቴ ነች በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት።

አንዴ ድፍረት አግኝቼ ሞከርኳት። «አያቴ፣ ይህ ልጅ የኛ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ…»

«የኛ አገር ሰው አይደለም» አለችኝ። «ተርጉሚ።»

በመጨረሻ ሒሳብ አስተማሪው መጠበቅ ሰለቸውና ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠ። አያቴን አስፈቀድናት፤ «ይምጡ፤ ሰው መምጣት አይከለከልም» አለች። እሑድ እንዲመጡ ተባለ። የድራማው መጨረሻ ደግሞ ዓርብ ነበር፤ ለኔ ከዚህ የተሻለ ቀጠሮ አልነበረም። ባላባቱ ልጁን ሲመርቅ፣ አያቴ ስታለቅስ፣ እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ሁሉንም በሐሳቤ አሰናድቼ ጨርሻለሁ።

ዓርብ ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። ድራማው ጀመረ። ባላባቱ ፈረስ ጠባቂውን ሊያባርረው ሰው ሰብስቧል። አንዲት አሮጊት ሠራተኛ እየተንቀጠቀጠች ወደ ፊት ወጣችና «ጌታዬ፣ ስለዚህ ልጅ የምነግርዎ አለኝ» አለች። መብራት ጠፋ። ከየጎረቤቱ የ«ኤጭ» ድምፅ ተሰማ።

«ምን አለች አሮጊቷ?» አለች አያቴ በጨለማው።

«አልሰማሁም፣ መብራት ጠፍቷል።»

«ጆሮሽም በመብራት ነው እንዴ የሚሠራው?»

ቅዳሜ ጠዋት ገበያ መንገድ ላይ የክፍሌን ልጅ አገኘኋት። የእነሱ ሰፈር መብራት አልጠፋም። መጨረሻውን እየዘለለች ነገረችኝ፤ ፈረስ ጠባቂው ለካ የሌላ ባላባት ልጅ ነው። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ነው። አሮጊቷ ክንዱ ላይ ያለውን ምልክት አሳየች፤ ባላባቱ አቀፈው፤ ሠርግ ተደገሰ።

«ደስ አይልም?» አለችኝ።

«ይላል» አልኩ፤ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ከመስከረም ጀምሮ የለፋሁት ለዚህ ነበር። ለካ ማንም ከራሱ በታች የሆነ ሰው አላገባም። ይህን ወስጄ ለአያቴ ብነግራት «ከደህና ቤት ነው አላልኩሽም?» ትለኛለች። እሑድ ደግሞ ሽማግሌዎቹን የምትጠይቀው ይህንኑ ይሆናል፣ ልጁ የማን ልጅ ነው ብላ። ግን ዳገቱን እየወጣሁ ሌላ መጨረሻ አሰብኩ። ቤት ስደርስ አልቆ ነበር።

አያቴ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ እህቴ አጠገቧ ድስት ታጥባለች። ከክፍሌ ልጅ ሰማሁ ብዬ መጨረሻውን ለአያቴ ነገርኳት።

«አሮጊቷ ለባላባቱ እንዲህ አለችው» አልኩ። «ይህን ልጅ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አባቱ ፈረስ ጠባቂ ነበር፤ አያቱም ፈረስ ጠባቂ ነበር። ሌላ ምንም የለውም። ልጅዎ ግን የእርስዎን ቃል እየጠበቀች ልታረጅ ነው፣ አለችው። ባላባቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ተጋቡ፤ አባትየው ሠርጉ ላይ አልመጣም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ጠዋት ብቻውን መጥቶ ደጃፋቸው ላይ ቆመና ውሃ ጠማኝ አላት። እሷም በባሏ ዋንጫ ቀድታ ሰጠችው። ተቀበላት። ይዞት ቆመ።»

«ጠጣ?»

«እዚያ ላይ አለቀ።»

«እንዲህ ሆኖ ያልቃል እንዴ ነገር?»

«አለቀ አያቴ፣ ምን ላድርግ።»

አያቴ ባቄላዋን ፈለፈለች። ከዚያ ቀና ሳትል «ለነገ እንግዶች ከሱቅ የታሸገ ውሃ አስመጡ» አለች። «ለሁሉም ይሁን። ለኛም ጭምር።»

የእህቴ እጅ ድስቱ ውስጥ ቆመ። ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። ለሁሉም የታሸገ ውሃ ከተሰጠ ማንም አልተለየም፤ የቤታችንን ዋንጫም ማንም አልነካም። የኮባ ቅጠል ፕላስቲክ ሆኖ መጣ፣ በቃ።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሁለቱ ከተማው የሚያከብራቸው ሰዎች ናቸው፤ ሦስተኛው የልጁ አጎት ነው፣ ቀጭን፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የሰፋው። ሁለቱ ገቡ። እሱ ግን ደጃፉ ላይ ቆመ። አውቆ አይመስለኝም፤ እግሩ ራሱ ነው የቆመው። እማዬ ተነስታ «ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ይግቡ» ስትለው ጎንበስ ብሎ ገባና በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ውሃውን እኔ አደልኩ። አጎትየው በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ጠርሙሱን አየው፤ እኛ ፊት ያለውንም አየ። ሁሉም ገባው። ፊቱ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ያየሁት ድካም ነው። ወጉን የተናገሩት ሁለቱ ናቸው። አያቴም በካፊኖኖ «ሰምተናል፤ ደግሞ ተመለሱ» አለች። ሽማግሌ ደጋግሞ ማመላለስ የአገሩ ወግ ነው፤ ይህኛው ወግ ይሁን እምቢታ ግን ከፊቷ ማወቅ አልተቻለም። ሲነሱ አጎትየው ያልተከፈተውን ውሃ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ለመንገድ ይሆነኛል፣ ልጄ» አለኝ በትሕትና።

ወደ መናኸሪያ ስሸኛት እህቴ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ድራማሽን ተይው እንግዲህ። ደክሞኛል።»

ከጥቂት ቀን በኋላ አዲስ ድራማ ጀመረ፤ ይኸኛውም የድሮ ዘመን ነው፣ ቀሚሱም ያው ነው። ዱካዬን ይዤ መጣሁ። አያቴ «ዝጊው» አለችኝ። ዘጋሁት።

«ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታችን መጥታ ነበር» አለች። «ልጁ ጠፍቶ የተገኘ የባላባት ልጅ ነው አለችኝ። የዋሸችኝ እሷ ናት ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ስትፈታ ቆየች።

«የሷ ታሪክ እውነት አይመስልም» አለች በመጨረሻ። «ያን ያህል ሲያንገላቱት ኖረው አባቱ ባላባት ነው ሲባል አቀፉት? እንግዲያው ያቀፉት አባቱን ነዋ፤ ልጁን መቼ አቀፉት? ያንቺው ይሻላል። ያ ዋንጫ ይዞ የቆመው ሰውዬ ያለ ሰው ነው።»

አስተማሪዎቼ ድርሰቴ ላይ «ጥሩ ነው» ብለው ጽፈውልኝ ያውቃሉ። እንደዚህ ያለ ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም። ፈገግታዬን እንዳታይብኝ አንገቴን ደፋሁ።

«እሑድ የመጣው ያ ሰውዬ ውሃውን በኪሱ ይዞ ሄደ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ሳይጠጣ።»

«ሳይጠጣ።»

ኩርምት ብላ ተቀመጠች። አሮጊት መሆኗን ያን ቀን ነው ያየሁት። «እናቴ ያንን ዋንጫ ጠበቀችው፤ እኔም ጠበቅኩት» አለች። «ምን እንደምጠብቅ እንኳ ነግረውኝ አያውቁም። ደከመኝ፣ ልጄ።» ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ ቀጠለች። «ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ውሃ አትግዙ። ማር አለን፣ ብርዝ በጥብጡላቸው። ዋንጫዎቹንም ከመደርደሪያው አውርጂና እጠቢያቸው፤ አቧራ ለብሰዋል።»

ጓሮ ወጥቼ ለእህቴ ደወልኩ። ዋጫ ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል።

«ምን አለች?» አለችኝ በዚያው በደከመ ድምፅዋ።

አያቴ ያለችውን ከካፊኖኖ ወደ አማርኛ፣ ቃል በቃል፣ ምንም ሳላሳምር ነገርኳት።

«ጨምረሽበታል?»

«አንድም ቃል አልጨመርኩም።»

ዝናቡ ብቻ ይሰማል። «በይ ድገሚልኝ» አለች።

ደገምኩላት።